በድኩላ መቅናት

ሰው በጎረቤቱ መኪና ይቀናል፤ በወንድሙ ቤት ይቀናል፤ በባልንጀራው ጸጉር የሚቀና መላጣም አውቃለሁ። እኔ የቀናሁት ግን በድኩላ ነው። አዎ፣ ያው በምታውቁት፣ ቀንድና ጭራ ባለው፣ ጫካ ውስጥ ቅጠል በሚበላው ድኩላ። መሳቅ የፈለገ ካሁኑ ስቆ ይጨርስ፤ ኋላ እኔ ሳለቅስ እንዳያቋርጠኝ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከባለቤቴ ልጀምር። አስካለ ትባላለች። ዕድሜዋን ሙሉ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስትጽፍ ኖራ፣ ልጆቻችን አድገው ከቤት ሲወጡ "ደብዳቤስ በቃኝ" ብላ ለቀቀችና እዚሁ የካ፣ ከቤታችን በእግር የሚደረስበት አንድ የዱር እንስሳት ጠባቂ ድርጅት ውስጥ ተቀጠረች። ድርጅቱ ለትርፍ ያልቆመ ነው። እኔ መገናኛ ላይ መጋረጃ የምሸጥ ነጋዴ ስለሆንኩ ትርፍ የሌለው ድርጅት ሲባል ሁልጊዜ የከሰረ ይመስለኛል፤ እነሱ ግን ዓላማችን ነው ይላሉ። ሥራቸው እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ እያነሱ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ መትከል፣ የደረቁትን ምንጮች መመለስ፣ ከዚያም የሸሹት አውሬዎች ተመልሰው ይመጡ እንደሆነ መጠበቅ ነው። መጠበቁ የባለቤቴ ድርሻ ሆነ። ጫካው ውስጥ ፊቱ ያለፈውን ሁሉ ራሱ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ አስቀምጠዋል። የጫካው ጥበቃ ኦቦ ደቻሳ ፎቶውን ከካሜራው እያወጡ ያመጣሉ፤ አስካለ ኮምፒውተሯ ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ ታየዋለች።

"ምን ምን ይታያል?" አልኳት መጀመሪያ ሰሞን።

"ሣር።"

"ሌላስ?"

"ሣር ሲወዛወዝ።"

ነፋስ ሣሩን ባነቃነቀው ቁጥር ካሜራው አውሬ የመጣ መስሎት ያነሳል። ታዲያ ድርጅቱ አንድ ጥብቅ ሕግ አለው፤ ፎቶ አይጠፋም። ሣርም ይሁን፣ ጭጋግም ይሁን፣ የዝንብ ክንፍም ይሁን ይቀመጣል። አስካለ ደግሞ ለሕግ የተፈጠረች ሴት ናት። መገናኛ ላይ መኪና በሌለበት አስፋልት፣ ሰው ሁሉ ሲሻገር፣ ብቻዋን ቆማ አረንጓዴ መብራት የምትጠብቅ እግረኛ ካያችሁ እሷ ናት። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እፈልጋታለሁ።

አንድ ቀን ማታ ፊቷ በርቶ መጣች።

"መጡ!" አለች ገና ከበሩ።

እንግዳ ይዛ የመጣች መስሎኝ ሱሪዬን ልቀይር ተነሳሁ። "እነማን?"

"ጋሼ!"

ስልኳን ደቀነችብኝ። እንደገና ውሃ ከጀመረው ምንጭ አጠገብ፣ ጠቆር ያለ፣ አንገተ ወፍራም፣ አንድ ቀንዱ ጫፉ ላይ የተሰበረ ሽማግሌ ድኩላ ቆሟል። አፉ በውሃ ርሷል። ቀና ብሎ ወደ ካሜራው የሚያየው ደግሞ ፎቶ አንሺውን ለረጅም ጊዜ የሚያውቀው ይመስላል።

"ትልቅ ሰው ስለሆኑ ቢሮ ውስጥ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው" አለች።

ልብ በሉ፤ "የምንላቸው" ነው ያለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በገዛ ቤቴ ድኩላው አንቱ፣ እኔ አንተ ሆንን። "ጋሼ ዛሬ አረፈዱ።" "ጋሼ ከስተዋል ልበል?" "ጋሼ ዝናቡ ላይ ቆመው ነው ያደሩት፣ ሆዴን በሉት።" እኔ ጉንፋን ይዞኝ ሳስል ግን "አንተ፣ ወደ ግድግዳው ዞረህ ሳል!" እባላለሁ። ድሮ ከሱቅ ስመለስ "ገበያው እንዴት ዋለ?" ትለኝ ነበር። አሁን ገበያው ይዋል አይዋል የሚጠይቀኝ የለም። ስልኳ ላይ በእህቴ ልጅ ሠርግ ሁለታችን የተነሳነው ፎቶ ነበር፤ እኔ በዚያ ፎቶ ጥሩ ወጥቻለሁ። አንድ ጧት ባየው እኔ የለሁም፣ ጋሼ ቆሟል።

ይኼን ሁሉ እንደ ወንድ ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት የእሑዱን ነው። እሑድ ከሰዓት መኝታ ቤት ጋደም ብዬ ሳለሁ ከሳሎን "የኔ ጌታ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ልጆቻችን ጥርስ ሳያወጡ ነው ለመጨረሻ ጊዜ እንዲህ ብላ የጠራችኝ። "አቤት!" ብዬ ተፈናጥሬ ተነሳሁ፤ አንድ ካልሲ እግሬ ላይ፣ አንዱ እጄ ላይ ሆኖ ሳሎን ደረስኩ። አስካለ ከኮምፒውተሩ ዓይኗን አላነሳችም። እዚያ ውስጥ ጋሼ ጆሮውን እያከከ ነው።

"አንተን አይደለም" አለችኝ።

በማግስቱ ሱቄ ደጃፍ ላይ ፊቴን ጥዬ ተቀመጥኩ። ጎረቤቴ ጀማል ጫማ ነው የሚሸጠው። የስልጤ ልጅ ነው፤ በሰው ኀዘን ላይ መቀመጫ ዱካውን ይዞ መምጣት ይወዳል።

"ምነው፣ ምን ሆንክ?"

"አስካለ ሌላ ወዳለች።"

"አስተግፊሩላህ!" ዱካውን አስጠጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ማነው?"

"በሥራዋ ምክንያት የተዋወቀችው ነው።"

"ልጅ እግር ነው?"

"ሽማግሌ ነው።"

"ሀብታም ነዋ!"

"ቤት እንኳ የለውም፤ ሜዳ ላይ ነው የሚያድር።"

ጀማል ጭንቅላቱን ያዘ። "ታዲያ ምን አግኝታበት ነው?"

"ዓይኑ ያምራል" አልኩ በመረረ ድምፅ። "አንገቱም። አንድ ቀንዱ ግን ተሰብሯል።"

ጀማል እጁን ከጭንቅላቱ አወረደ። "ቀንድ?"

"ድኩላ ነው።"

ዱካውን አንስቶ ወደ ሱቁ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ የሳቁ ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ እሱ ራሱ እንባውን እየጠረገ መጣ። "ስማኝ፣ እኛ አገር ከብት የሰው ማሳ ሲለምድ ምን እናደርጋለን? ወዲያ ማዶ አሞሌ ጨው እናስቀምጥለታለን። ከብት ጨው ካገኘ የት ይሄዳል! አንተም አስቀምጥለትና ከሚስትህ ዓይን ዞር ይበልልህ።"

እሱ የቀለደ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ እኔ ግን ሱቄን ዘግቼ ሾላ ገበያ ሄድኩ።

አሞሌ የምትሸጠዋ ሴት "ስንት ከብት አለዎት?" አለችኝ።

"አንድ።"

"ላም ነው በሬ?"

"ባላንጣ ነው" አልኳት። ጨውየውን በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝና ዳግመኛ አላየችኝም።

ባላንጣው ፊት የሚቀርብ ሰው ደግሞ ተጎሳቁሎ አይሄድም። ሙሉ ልብሴን ለበስኩ፣ ሽቶ ተቀባሁ፣ ጀማል "ለሠርግ ነው" ብሎ የሸጠልኝን ጠባብ ጫማ አጠለቅሁ። እስከ ፈረንሳይ ሰፈር በታክሲ፣ ከዚያ በላይ በእግሬ። ዳገቱ ደረቴን ሲይዘኝ ችግኝ የሚያጠጡ ልጆች ቆም ብለው "ጋሽዬ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በወዲያ ነው" አሉኝ። እንዲህ ለብሶ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ማርያምን ሊሳለም ካልሆነ ሌላ ምን ይሠራል! እኔ ግን ምንጩን ሸሸሁት። እዚያ የሚስቴ ካሜራ አለ፤ ጅል አይደለሁም። ዞር ብዬ ወደ ታች፣ ጫካው አልቆ ቤቶቹ የሚጀምሩበት አካባቢ ወረድኩና ከአንድ የወይራ ቁጥቋጦ ፊት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አሞሌዬን አስቀመጥኩ። ከወደ ሰፈሩ ውሾች ይጮሃሉ። ውሻ የማይጮህበት ሰፈር የለም ብዬ አለፍኩት።

ከመሄዴ በፊት ልሰድበው አሰብኩ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ወደ ጫካው ዞርኩ። "ስማ!" ልል አፌን ከፍቼ፣ ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው ያሳደጉኝ፣ "ይስሙኝ ጋሼ" ብዬ ቁጭ! "እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ የሰው ትዳር ማወክ አይገባዎትም። ይኼ ጨው ለርስዎ ነው፤ ምንጩን ግን ይተዉልኝ።" መልስ የለም። ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ንቆኝ ነው ብዬ ይበልጥ ተናደድኩ።

ሠራ! ወዳጆቼ፣ ሠራ! ጋሼ ከምንጩ ጠፋ። አስካለ መጀመሪያ ቀን "ዛሬ አልመጡም" አለች፤ እኔ ማንጎ ገዝቼ ገባሁ። በማግስቱም "አልመጡም" አለች፤ እኔ እያፏጨሁ ጢሜን ተላጨሁ። በሦስተኛው ቀን ማንጎው እንዳለ መሆኑን አየሁ። አስካለ እህል መቅመስ ትታለች። ደግሞስ ድኩላው ሳለ ስለ እሱ የምታወራው እራት ላይ ብቻ ነበር፤ ከጠፋ ወዲህ ጧትም ጋሼ፣ ማታም ጋሼ፣ በእንቅልፍ ልቧም ጋሼ ሆነ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የተባለው ለእኔ ነው።

"መጥቶ ይሆናል፣ ካሜራው ስቶት ይሆናል" አልኳት ላጽናናት።

"ወደ ታች ወርደው ቢሆንስ?" አለች። "በሰፈሩ በኩል የተለቀቁ ውሾች አሉ። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ድኩላ ከነግልገሏ የጨረሱት እዚያ ነው። እሳቸው ደግሞ አርጅተዋል፣ ሮጠው አያመልጡም።"

ጉርሻዬን መልሼ ትሪው ላይ አኖርኩ። የውሾቹ ጩኸት ጆሮዬ ውስጥ እንደገና ጀመረ።

"ይኼን ሁሉ ዛፍ የተከልነው እኮ አንድ ነገር ይመለሳል ብለን ነው" አለች አስካለ። "እሳቸው ተመለሱ። እሳቸው ከሞቱ ምንጩ ለማን ነው የሚፈሰው?" አለችና ዓይኗ ሞላ። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። አፈርኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር ግን በዚያች ሰዓት እንኳ አንዲት ክፉ ሐሳብ በውስጤ አለፈች፦ እኔ ብጠፋ እንዲህ ታለቅስልኝ ይሆን?

በማግስቱ ጧት ሱቄን ለጀማል አደራ ብዬ ሽቅብ ወጣሁ። ያንኑ ሙሉ ልብስ ነበር የለበስኩት፤ በወንጀል ቦታ ሰው ቢያገኘኝ ቤተ ክርስቲያን ስሜ መጣሁ እላለሁ ብዬ ነው። አሞሌው መሃሉ ተልሶ ተልሶ ጎድጉዷል። መጥቷል ማለት ነው! ደም አልነበረም፣ ጸጉርም አልነበረም። እፎይ ብዬ ጎንበስ አልኩና ጨውየውን አንስቼ ኮት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ቀና ስል ውሾቹ ፊት ለፊቴ ቆመዋል።

መሪያቸው ጆሮው የተቀደደ ቢጫ ውሻ ነው። ሌሎቹ ከኋላው ተሰልፈዋል። "ጨዋ ሰው ነኝ" አልኳቸው። ማስረጃ የጠየቀኝ የለም። ባሕር ዛፍ ላይ ልወጣ ሞከርኩ፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ መወጣጫ ቅርንጫፍ ያለው ለሰማይ ብቻ ነው። ተንሸራትቼ ወረድኩ። የቀረኝ የጀማል ጫማ ነበርና አንዱን አውልቄ ተረከዙን ወደ ላይ አድርጌ ጮህኩ። "ሂድ! ዞር በል! እከስሃለሁ! ክፍለ ከተማ ድረስ እከስሃለሁ!" ወደ ኋላ ልሸሽ ብል እንኳ የወይራው ቁጥቋጦ መንገድ ዘግቶብኛል፤ ስለዚህ ቆሜ መዋጋት ግድ ሆነ። ቢጫው የኮቴን ጫፍ ነክሶ ሳበ፣ እኔም ሳብኩ፣ ኮቴ ለሁለታችንም ደረሰን። በመጨረሻ ኦቦ ደቻሳ ከላይ ዱላቸውን እያወዛወዙ ሲሮጡ መጡና ውሾቹ ተበተኑ።

ኦቦ ደቻሳ እግሬ ላይ የቀረችኝን አንድ ጫማ አዩ፣ የተቀደደውን ኮቴን አዩ።

"የወይዘሮ አስካለ ባለቤት አይደሉም እንዴ? ምን ይሠራሉ እዚህ?"

"ንፋስ ልቀበል ነው" አልኩ እያለከለክሁ።

"ጥሩ ተቀበሉ" አሉኝ። "አንዴ ይቆዩኝ፣ ካርዱን ላውጣ።" ባሻገር ወዳለ አንድ ጽድ ሄዱና ግንዱ ላይ ከታሰረ አረንጓዴ ሳጥን ውስጥ አንድ ነገር መዘዙ።

"ምንድነው እሱ?"

"ካሜራ ነዋ። ጋሼ ሲጠፋ ወይዘሮ አስካለ ወደ ታችም ይፈለግ አሉ። ዱካውን በዚህ በኩል አይቼ ትናንት አመሻሽ ላይ አሰርኩት።"

እኔ ካሜራ ሲባል የማውቀው ሠርግ ላይ በሦስት እግር የሚቆመውን ነው። ያንን ሳጥን የመብራት ኃይል ነው ብዬ ፊት ለፊቱ ጎንበስ ቀና ስል ቆይቻለሁ! ከዚያ የወጣው ካርድ ደግሞ በዓለም ላይ ካሉ ሴቶች ሁሉ መርጦ የሚሄደው ወደ ማን ዘንድ ነው?

ሱቄ ተመልሼ ፍርዴን ጠበቅሁ። ጀማል ለጫማው መለወጫ እንደማይሰጠኝ ነግሮኝ ሲያበቃ ስልኬ ጠራ። የአስካለ አለቃ ሃና ናት፤ ወጣት ልጅ ናት፣ ስትናገር ትቸኩላለች። "ጋሼ፣ ቢሮ ይምጡልን፣ ፕሊስ! አሁኑኑ!" ጋሼ ተባልኩ፤ ደስ ሊለኝ የሚገባበት ሰዓት ግን አልነበረም።

ቢሮ ስገባ ሁሉም ከመቀመጫው ተነሳ። ከዚያ አጨበጨበ። ግድግዳው ላይ ባለው ትልቅ ስክሪን ላይ እኔ ነኝ፤ አፌ ተከፍቷል፣ ጫማዬ ሰማይ ላይ ነው፣ ከፊቴ ውሾቹ። ከኋላዬ ደግሞ፣ ከወይራው ቁጥቋጦ ውስጥ፣ እጄን ብዘረጋ ከምነካው ቦታ፣ ያ ቀንደ ሰባራ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ያያል። ተረጋግቷል። ጠበቃ እንደቆመለት ሰው ነው የቆመው።

ያንን ዳገት ሁለት ጊዜ የወጣሁለት ሰውዬ፣ ሰውዬ ልበለው እንግዲህ፣ ከኋላዬ ነበር።

"ራስዎን ለአደጋ አጋልጠው አዳኗቸው!" አለች ሃና። "ውሾቹን እሳቸው ወደ ነበሩበት አላሳለፉም! እንዴት ግን እዚያ መሆናቸውን አወቁ?"

ዓይኔ አስካለን ፈለገ። ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ካሜራው ሣር ሲወዛወዝ የሚያነሳ ከሆነ ሰው ጎንበስ ብሎ አሞሌ ኪሱ ሲከት እንዴት ያልፈዋል? ያ ፎቶ አለ። ከዚህኛው ቀድሞ አለ።

ሃናም ይኼው መጣላት። "አስኩዬ፣ እስቲ ከመጀመሪያው እንየው። ከዚህ በፊት ያለውን አሳዪን።"

ኪሴ ውስጥ ያለው ጨው ድንጋይ ሆኖ ከበደኝ።

"ሣር ነው" አለች አስካለ።

"ሁሉም?"

"ሣር ሲወዛወዝ" አለችና ቀና ብላ እኔን አየች።

አብረን ወደ ቤት ሄድን። ከበሩ እንደገባን እጇን ዘረጋች። "አምጣ።" የተላሰውን አሞሌ ከኪሴ አውጥቼ መዳፏ ላይ አኖርኩ። ጉድጓዱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

"በድኩላ ነው የቀናኸው?"

"አንቱ ትይዋለሽ" አልኩ። ድምፄ ሲሰበር ራሴም ደነገጥኩ። "የኔ ጌታ ትይዋለሽ።"

ሳቀች። ሶፋው ላይ እስክትቀመጥ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ እስክትይዝ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

"ዕድሜ ልኬን ስሠራ ከመሥሪያ ቤት አንድ ወረቀት አላጠፋሁም" አለች። "ሃያ የሣር ፎቶ አንድ ዓይነት ሆኖ እንኳ አላጠፋሁም። ዛሬ አንድ አጠፋሁ። ለሱ ብዬ ነው ያጠፋሁት?"

ካላመናችሁኝ መገናኛ ሄዳችሁ ያቺን መብራት የምትጠብቅ ሴት እዩና ፍረዱ።

ጋሼ ወደ ምንጩ ተመልሷል። የኔና የሱ ፎቶ ድርጅቱ ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሏል፤ ከሥሩ "ጋሼ ከአንድ የአካባቢው ነዋሪ ጋር" ይላል። የሱ ስም ተጽፎ የኔ ለምን እንደቀረ ሁለት ጊዜ ጠይቄያለሁ። ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሻችሁም።

ባለፈው እሑድ መኝታ ቤት ጋደም ብያለሁ። ሳሎን ኮምፒውተሩ ተከፍቷል፤ አስካለ ፊቱ ተቀምጣለች።

"የኔ ጌታ!" የሚል ድምፅ መጣ።

ማንን ነው ብዬ አልጠየቅሁም። "አቤት!" ብዬ ሮጥኩ።

"ና፣ ተቀመጥ" አለችና ወንበር አስጠጋችልኝ። "ሁለታችንም እንያቸው።"